ዝናብ ሳይዘንብ የሞላው ወንዝ

«እስቲ ንገሪኝ፣ እዚህ ገደል ጫፍ ላይ ምን ይወደዳል?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አጎቴ ጋሼ ተክሌ ነው። የአስር ዓመት ልጅ ነበርኩ። እሱ ከጆበርግ አንድ ሙሉ ቀን ነድቶ ደርሶ፣ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ቆሞ የቆዳ ጫማው ላይ የተለጠፈውን እበት በስንጥር ይፈቀፍቃል። አልመለስኩለትም። አፍሬ እንዳይመስላችሁ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲጠይቅ መሬት መሬት ማየት ነው ሥርዓቱ፤ ከመለስሽ «ምላሷ!» ትባያለሽ። መሬት መሬት አየሁ። እሱም «አየሽ፣ ምንም የለም» ብሎ ለራሱ መለሰ። በዚያች ዝምታ ነው እንግዲህ ጆበርግ ያደግኩት።

አባዬ ሱቁን የከፈተው ደቡብ አፍሪካ፣ ምሥራቅ ኬፕ ውስጥ፣ ዋይልድ ኮስት የሚባለው የባህር ዳርቻ ላይ ነው። የአገሩ ልጆች በሙሉ ጆበርግ ዳር ካትሌሆንግ ምናምን ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ሲከፍቱ እሱ «እዛ ውድድር የለም» ብሎ ሄደ። እውነቱን ነው፣ ውድድር አልነበረም። መንገድም አልነበረም። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ሁለት ሰዓት ድንጋይ ለድንጋይ ነው፤ ባኪ የምንለው ፒክአፓችን በየጊዜው ጭስ ማውጫውን ጥሎ ይመጣና የመንደሩ ልጆች ተሸክመው ያመጡልናል። ኮረብታው ላይ ግማሽ ጎናቸው ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀባ ክብ ክብ ቤቶች አሉ። ከኮረብታው ቀጥሎ ገደል፣ ከገደሉ ቀጥሎ ባህር። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

ሱቁ ውስጥ ፓራፊን፣ የልብስ ሳሙናና ዳቦ ይሸት ነበር። በሩን ስትከፍቱ ደግሞ ጨውና እበት አንድ ላይ ይመጣል። አሁንም ሁለቱን አንድ ላይ ካሸተትኩ ሆዴ ይባባል። ቀትር ላይ ከብቶቹ ግጦሻቸውን ትተው ይወርዱና አሸዋው ላይ ይተኛሉ፣ ልክ ገንዘብ ከፍለው እንደመጡ ቱሪስቶች። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ዝንብ ሽሽት ነው የሚልም ነበር። እኛ ልጆቹ በባዶ የዱቄት ከረጢት ተቀምጠን ከአሸዋ ክምሩ እንንሸራተታለን፤ ማታ እማዬ ፀጉሬን ስትፈታ ግማሽ ኪሎ አሸዋ ታወጣለች። በብርዱ ወራት ከክፍላችን መስኮት ዓሣ ነባሪ ውሃ ሲተፋ ይታያል። አስተማሪያችን ለአፍታ ቆም ትልና «እሺ፣ አይታችኋል፣ ወደ ማካፈል እንመለስ» ትላለች።

ገነት ነበር አልልም፣ እንዲህ እያሉ የሚጽፉ ሰዎች ያናድዱኛል። የምንጠጣው ከጣሪያ የወረደ ውሃ ነው። ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው። ከታመምሽ ክሊኒኩ የሦስት ሰዓት እግር መንገድ ነው፣ ደርሰሽም ነርሷ የለችም ይሆናል። እማዬ የመጀመሪያውን ዓመት አልቅሳ ነው የጨረሰችው። እኛ ሆሳዕና አካባቢ ከደጋ የመጣን ሰዎች ነን፣ ከዘራችን ባህር አይቶ የሚያውቅ የለም። «ይሄ ነገር ማታም አይተኛም እንዴ?» ትል ነበር ስለ ማዕበሉ ድምፅ።

አከራያችን ማማ ኖሲፖ ትባላለች። ወፍራም፣ ጮክ ብላ የምትስቅ፣ ሱቁ ውስጥ ያለ ወንበር ሁሉ የሷ የሚመስላት ሴትዮ። አንድ ጊዜ ልጇን ለመጠየቅ ጆበርግ ሄዳ በሳምንቷ ተመለሰች። አባዬ ምን ሆንሽ ሲላት «ሞሎ ሞሎ እያልኩ አፌ ደከመ፣ የመለሰልኝ አንድ ፖሊስ ብቻ ነው፣ እሱም መታወቂያ ጠየቀኝ» አለች። ሞሎ ሰላም ማለት ነው። እሷ ቤት ነው ከድንጋይ ላይ የሚፈለቀቀውን ጥቁር ዛጎል መብላት የለመድኩት። ውስጡ ብርቱካንማ ሥጋ አለው፣ ቀቅለው ከበቆሎ ጋር ይበሉታል። እማዬ አንድ ቀን አፌን አሽትታ ደርሳብኝ «ትል በላሽ!» ብላ ሁለት ቀን ሳትስመኝ ቀረች።

እና ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። ይሄንን የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርት ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነው፣ ወንዙም ባህሩ ውስጥ የሚገባው እዛው ስለሆነ ባህሩ ሲሄድ ወንዙ ይከሳል፣ በእግር ይታለፋል። ባህሩ ሲመጣ ወንዙን ወደ ኋላ እየገፋ ይሞላዋል፤ ያኔ በጀልባ ነው። ጀልባ ቀዛፊው ሽማግሌ ውሃው ሲከሳ ቤቱ ሄዶ ይተኛል። ሰዓት የሚያይ የለም፣ ሰው የሚያየው ጨረቃን ነው። ለእኔ ከታክሲ ሰልፍ የቀለለ ነገር ነበር።

ጋሼ ተክሌ የመጣው እኔን ሊወስድ ነው። ጀፕ በሚባለው የጆበርግ የሐበሻ ንግድ ሰፈር ብርድ ልብስ ያከፋፍላል፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ እሱ ያለው ነገር ይሆናል። «ልጅቷ እዚህ ከከብት ጋር ተኝታ አትደንቁር፣ ጥሩ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ» አለ። አባዬ አጉረመረመ። ከዚያ ነው እኔን የጠየቀኝ፣ መሬት መሬት ያየሁት።

በማግስቱ ጠዋት የትራንስፈር ወረቀቴን ለማውጣት እኔና እሱ በጀልባ ተሻገርን። ሱፍ ለብሷል። ዳይሬክተሯ እስክትፈርም ስንጠብቅ ረፈደ፣ ስንመለስ ጀልባው የለም፣ ወንዙ ከስቶ ሰፊ አሸዋ ሆኗል። ጋሼ ተክሌ ዝም ብሎ ዘሎ የሚገባ ሰው እንዳይመስላችሁ። አገሩ እያለ ደራሽ ውሃ የአጎቱን ልጅ ዓይኑ እያየ ወስዶበታል። ወንዝ ያውቃል። መጀመሪያ ወደ ኮረብታዎቹ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ጥርት ያለ ነው፣ አንዲት ደመና የለም። ጎንበስ ብሎ ውሃውን በእፍኙ አነሳ፤ ጭቃ የለውም። ከዚያ ውሃው ዳር እንጨት ተክሎ ቆመና ጠበቀ። እንጨቷ ጋር ያለው ውሃ አልጨመረም።

«ሰማይ ከጠራ ወንዝ አይሞላም። ይሄንን ያዢ፣ ከተማም ሆነሽ ይጠቅምሻል» አለኝ።

ውሃ ከላይ ነው የሚመጣው። እሱ የሚያውቀው ይሄንን ነው፣ አገራችን ውስጥም ትክክል ነው። ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ውሃ አይቶ አያውቅም።

ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ የመጀመሪያውን ውሃ ተሻገርን፤ እሱን ጉልበቱ ጋ ነው የደረሰው። መሃል ላይ ትልቅ የአሸዋ ደሴት አለ፣ ከደሴቱ ቀጥሎ ሁለተኛው ውሃ፣ ከዚያ መንደራችን። ደሴቱ ላይ ስንደርስ ስልኩ ጮኸ። ከመጣ ጀምሮ ኔትወርክ አጥቶ ሲሳደብ የነበረ ሰው ነው። ከጀፕ ነበር። ፊቱ በራ። «ሃሎ! ሃሎ! ባለ ነብሩ አልቋል፣ ባለ አበባው አለ በለው! አይ፣ በዚያ ዋጋ አይሆንም!» አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይደውላል። በዚያች አሸዋ ላይ ወዲህና ወዲያ እየተመላለሰ አርባ ደቂቃ ያህል ብርድ ልብስ ሸጠ።

እኔ ውሃውን አያለሁ። አረፋው ወደ ባህር ሲሄድ ነበር። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ኮረብታው መሄድ ጀመረ። እየመጣ እንደሆነ አወቅኩ። ኮቱን አንዴ ጎተትኩት፣ ወደኔ ሳያይ በእጁ «ቆይ» አለኝ። ትልቅ ሰው ሲያወራ አይቋረጥም። እና ቆየሁ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል፤ አሁን ቢሆን እጮህበት ነበር። ያኔ ግን ጥሩ ልጅ ነበርኩ።

ስልኩን ዘግቶ ሲዞር ደሴቱ ግማሽ ሆናለች። ሁለተኛው ውሃ ውስጥ ሦስት እርምጃ ገብቶ ወገቡ ጋ ሲደርስ ተመለሰ። ወደ ኋላ አየ፣ የመጣንበትም ሞልቷል። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። አሁንም ጥርት ያለ ነው። ያን ፊቱን መቼም አልረሳውም። አንድ ሰው እድሜ ልኩን ያመነው ነገር ዓይኑ እያየ ሲዋሸው እንደዚያ ነው የሚሆነው። ጫማዎቹን ጣለ። ትከሻው ላይ አወጣኝ። መዋኘት አይችልም፣ እኔም በደንብ አልችልም። በሀዲይኛ መጸለይ ጀመረ፣ መሃል ላይ ግን አቋርጦ በአማርኛ «ወረቀቷን ከፍ አርጊ! እንዳትርስ!» አለኝ።

የትራንስፈር ወረቀቷ እጄ ላይ ናት። እውነቱን ልናገር፣ ልለቃት አሰብኩ። ጣቶቼን ፈታ ማድረግ ብቻ ነበር የሚበቃኝ። ወረቀት ከሌለ ጆበርግ የለም። አልለቀቅኳትም። ውሃው ደረቱ ጋ ደርሶ፣ ከሥሬ ሲንቀጠቀጥ እየተሰማኝ፣ እኔ ወረቀት ከፍ አድርጌ ይዣለሁ።

አሁን ስለ ሴቶቹ ልንገራችሁ። ባህሩ በጣም በሚሸሽበት ቀን የመንደሩ ሴቶች ወንዙ አፍ ላይ ወዳሉት ድንጋዮች ወርደው ዛጎሉን በብረት ይፈለቅቃሉ። ጀርባቸውን ለማዕበሉ ሰጥተው፣ አጎንብሰው ነው የሚሠሩት፣ አንዷ ሌላዋን አታይም። ስለዚህ ሥርዓት አላቸው። ሊወጡ ሲሉ ማማ ኖሲፖ እየጮኸች ስም ትጠራለች፣ የተጠራችው «ንዲኮና» ትላለች፣ አለሁ ማለት ነው። ሁሉም ሳይመልስ ከረጢቷን የምታነሳ ሴት የለችም። በዚያ ሰዓት አሸዋውን ሲያቋርጥ የታየ ሰው ካለም፣ እንግዳም ይሁን ሰካራም፣ ከነሱ ጋር ይጠራል።

እኛ ወደ ውሃው ስንገባ ማማ ኖሲፖ አይታናለች። የሴቶቹን ስም ጨርሳ «ሻሮን!» አለች፤ ስሜ ሳሮን ነው፣ እነሱ እንደዚያ ነው የሚሉኝ። የመለሰ የለም። ሴቶቹ ቀና አሉ። እንደገና ስትጠራኝ ከሩቅ ሰማሁና ሳንባዬ እስኪፈነዳ «ንዲኮና!» አልኩ።

ከረጢታቸውን ጥለው ሮጡ። ማንም ማንንም አላዘዘም። ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው እየዘፈኑ ይሁን እየተሳደቡ ያልለየልኝን ነገር እየጮኹ ገቡ፤ ፊት ማማ ኖሲፖ፣ ከኋላ ዳር ላይ ያለችው ድንጋይ ይዛ። ማማ ኖሲፖ እኔን በአንድ እጇ እንደ ዱቄት አንስታ ወደ ኋላ አቀበለችኝ፣ ከሴት ወደ ሴት አልፌ ደረቅ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ ተክሌን በክራቫቱ ነው የጎተተችው። ዳር ሲደርስ በአራት እግሩ ሆኖ ሳል ያዘው፣ ሴቶቹ ደግሞ መሳቅ ጀመሩ። አትፍረዱባቸው፣ እኔም ሳቅኩ፣ እያለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሰውነቴ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም፣ አጥንቴ ውስጥ ነፋስ የገባ ነው የሚመስለው።

ጋሼ ተክሌ ከደንበኞቹ በለቀማት የዙሉ ቋንቋ ሰማዩን እያሳየ «ዝናብ የለም እኮ! የለም!» ይላል። ማማ ኖሲፖ እንባዋን እየጠረገች «ማሉሜ፣ ሰማይ ምን አገባው? ጨረቃዋን ነው የሚጠይቁት» አለችው። ማሉሜ አጎት ማለት ነው። ብርድ ልብስ አለበሱት፣ እሱ ራሱ የሚሸጠው ዓይነት፣ ባለ ነብሩ። እዛው ዳር እሳት አንድደው ከድስት ውስጥ ትኩስ ዛጎል ሰጡት፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሁለት ሳህን በላ። ከዚያ ማማ ኖሲፖ ተነስታ እንደገና ከመጀመሪያው ስም መጥራት ጀመረች፤ ጥሪው ተቋርጦ ነበርና። መጨረሻ ላይ «ማሉሜ!» አለች። ጋሼ ተክሌ ግራ ገብቶት ያያታል። ሁሉም ቆመው ይጠብቁታል፣ ከረጢት ያነሳ የለም። እኔ በጆሮው ነገርኩት። «ንዲኮና» አለ፣ በተሰበረ ድምፅ። ሴቶቹ ከረጢታቸውን አንስተው ሄዱ።

ቤት ስንገባ እማዬ ጮኸች። ጋሼ ተክሌም «ወንዙ በድንገት ሞላ! የዚህ አገር ወንዝ እብድ ነው፣ ልጅቷን ሊበላት ነበር!» አለ። አባዬ «ዝናብ ሳይኖር?» ብሎ እኔን አየኝ። የስልኩንም፣ የአረፋውንም፣ ኮቱን የጎተትኩትንም መናገር ነበረብኝ። መሬት መሬት አየሁ። በማግስቱ ጠዋት ደረቅ ወረቀቴን ይዤ ጆበርግ ሄድኩ። በዓመቱ እማዬ «ልጄን ሊበላ የነበረ ወንዝ አጠገብ አልኖርም» ብላ አባዬን ካትሌሆንግ አስገባችው። ለእረፍት ልሂድ ባልኩ ቁጥር ያ ወንዝ ይነሳብኛል። አንድ ቤተሰብ የነቀልኩት በዝምታ ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል።

ጆበርግ ክፉ ነው አልልም። አንብቤበታለሁ፣ ጓደኛ አፍርቼበታለሁ፣ ጋሼ ተክሌ ልጆቹን እንደሚያስተምር አስተምሮኛል። ግን ፎቃችን ላይ፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት፣ አራት ዓመት የኖረች ሴትዮ ነበረች። አንድ ቀን በሯ ተከፍቶ ሌላ ሰው ዕቃ ያስገባል። መቼ ሄደች፣ ወዴት ሄደች፣ ስሟስ ማን ነበር? ሕንጻውን ሁሉ ጠየቅኩ፣ የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም፣ እኔም ከነሱ አንዷ ሆኛለሁ። እዛ መንደር ሳይጠራ የሚቀር ሰው አልነበረም፤ አሁን ሦስት በር ቆልፈን ገብተን ማን ከውጭ እንደቀረ አናውቅም።

ዘንድሮ በነርስነት ተመረቅኩ። ከመመረቄ በፊት ለልምምድ ለሦስት ሳምንት የገጠር ክሊኒክ ምረጡ ሲሉን፣ ቤት ውስጥ ለማንም ሳልናገር ያንን የሦስት ሰዓቱን ክሊኒክ መረጥኩ። መንደራችን ወረድኩ፣ ማማ ኖሲፖ አሁንም በሕይወት አለች። ጉልበቷ እምቢ ስላላት ድንጋዩ ላይ አትወርድም፣ ገደሉ ላይ ወንበር አውጥታ ከላይ ሆና ነው ስም የምትጠራው። አየችኝ፣ ዓይኗን አጥብባ «ሻሮን» አለች፣ ገና ሳታቅፈኝ ደግሞ «ማሉሜስ? አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። በረጅሙ ተነፈሰች፣ እሺ አለች። እዚያው ክሊኒክ የሥራ ማመልከቻዬን ያስገባሁት በማግስቱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጀፕ፣ ፎቅ ላይ ያለው ምግብ ቤት ለምረቃዬ ምሳ ተደረገልኝ። ጋሼ ተክሌ ተነስቶ ንግግር አደረገ፣ እዚሁ ከተማ ያለ የግል ክሊኒክ ውስጥ ቦታ እንዳገኘልኝም ተናገረ፣ ሁሉም አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ሥራ ይዣለሁ። ባህሩ ጋ ነው» አልኩ። እማዬ ሹካዋን ጣለች። «ወንዙ!» አለች።

«ወንዙ አልሞላም ነበር» አልኩ። «ባህሩ ነው የመጣው፣ በቀን ሁለቴ ይመጣል። ጋሼ ስልክ ላይ እያለ ሲመጣ አይቻለሁ። አንዴ ኮቱን ጎተትኩት፣ ከዚያ ዝም አልኩ። አባዬ ሲያየኝም ዝም አልኩ።»

አባዬ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ለካ እየሳቀ ነው። ጋሼ ተክሌ አየኝ። «አሥራ ሁለት ዓመት ያንን ወንዝ ስረግም…» አለ።

«አዎ።»

«ወንዙ ምንም አላደረገም?»

«ምንም።»

እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ፣ እሱም ሳቀ፣ እንደ ደከመው ሰው። የእኔም ድንጋይ ተነሳ፤ ከረሃቤ በላይ ነው የበላሁት ያን ቀን። ሳቁ ሲበርድ ጋሼ ተክሌ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ፣ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠ፣ ወደኔ ዞረ። «እሺ ልጄ፣ አሁን የምሬን ነው። እዛ ምን ይወደዳል?»

ዓይኑን እያየሁ መለስኩለት። «ጋሼ፣ አንተ ለነሱ ማንም አልነበርክም፣ ስምህን እንኳ አያውቁትም። ግን አንተ ‹አለሁ› እስክትል ድረስ ከረጢቷን ያነሳች ሴት አልነበረችም። የምወደው ይሄንን ነው።»